የመንኮራኩር ሰዓት፣ የምድር ሰዓት

ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ኦሌግ ኮኖኔንኮ በመስከረም 2024 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲመለስ፣ በአምስት ጉዞ በድምሩ 1,111 ቀን ከምድር ውጭ አሳልፎ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው በሰከንድ 7.66 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚከንፍና በፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ስለሚዘገይ፣ ኮኖኔንኮ እዚሁ ምድር ላይ ቢቀር ኖሮ ሊኖረው ከሚችለው ዕድሜ በጥቂቱ ያነሰ ይዞ ነው የወረደው። ይህ “ጥቂት” ሲሰላ 0.03 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚህ ቁጥር ጎን ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቨን በ1911 ያቀረበውን ምሳሌ እናስቀምጥ፦ የብርሃንን ፍጥነት ለጥቂት በሚስት ፍጥነት አንድ ዓመት ሄዶ በአንድ ዓመት የተመለሰ መንገደኛ፣ ምድር ላይ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ያገኛል። ፊልሙም ልብ ወለዱም የወረሰው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያየ ሰው፣ አንፃራዊነት ገና ያልተሠሩ መንኮራኩሮች ጉዳይ እንጂ ዛሬ ለሚበርሩት የሚያሳስብ ነገር አይደለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እኔ ግን ድምዳሜው ልክ አይደለም እላለሁ። የመዘግየቱን ትልቅነት ወይም ትንሽነት በሰው ዕድሜ መስፈር መስፈሪያውን መሳት ነው፤ ትክክለኛው መስፈሪያ መንኮራኩሩ የሚሠራበት ሰዓት ነው። በዚህ ሲሰፈር አንፃራዊነት ከቲዎሪ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ከመጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ነገሩ ከምን እንደሚነሳ በአጭሩ ማየት ይበቃል። ሁለት መስታወቶች ትይዩ ቆመው በመካከላቸው አንድ የብርሃን ጭረት ይመላለሳል እንበል፤ እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ምት ነው። ይህን ሰዓት መንኮራኩር ላይ ጭነን ብንሰድደው፣ ምድር ላይ ቆሞ ለሚያየው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ መመላለሱ ይቀርና በሰያፍ የሚሄድ ይሆናል፤ ሰያፉ መንገድ ደግሞ ከቀጥታው ይረዝማል። ብርሃን ለማንም ተመልካች በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ረጅሙን መንገድ ለመጨረስ ያለው ምርጫ ብዙ ጊዜ መውሰድ ብቻ ነው። አንስታይን በ1905 ያወጣው ውጤት ዛሬ ለምናውቃቸው መንኮራኩሮች በቀላሉ ይሰላል፦ የመንኮራኩሩን ፍጥነት ለብርሃን ፍጥነት አካፍሎ፣ ውጤቱን በራሱ አባዝቶ፣ ለሁለት መክፈል። የጠፈር ጣቢያው ፍጥነት ከብርሃን 39 ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ይህ በራሱ ሲባዛና ለሁለት ሲከፈል ከሦስት ቢሊዮን አንድ ይሆናል። ቁጥሩን እንዲህ የሚያሳንሰው በራሱ መባዛቱ ነው። ፍጥነቱ ሲያድግ ግን ያው ብዜት በተቃራኒው ይሠራል፤ በብርሃን አንድ አሥረኛ ፍጥነት ሰዓቱ የሚዘገየው በግማሽ በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በ90 በመቶ ፍጥነት መንኮራኩሩ ላይ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ምድር ላይ 2.3 ሰዓት ያልፋል፤ በ99 በመቶ ደግሞ ከሰባት ሰዓት በላይ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ይህ ስሌት ብቻውን ለየትኛውም እውነተኛ መንኮራኩር ትክክለኛ መልስ አለመስጠቱ ነው። አንስታይን በ1915 ባጠናቀቀው አጠቃላይ አንፃራዊነት መሠረት ስበት ራሱ ሰዓት ያዘገያል፤ ከምድር በራቀ ቁጥር ሰዓት ይፈጥናል። ስለዚህ መንኮራኩር ሁሉ ሁለት ተቃራኒ ጉተታዎች አሉበት፦ ፍጥነቱ ወደ ኋላ፣ ከፍታው ወደ ፊት። ጣቢያው በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ፍጥነቱ በቀን 28 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሲያስቀረው ከፍታው 3.5 ብቻ ይመልስለታል፤ የተጣራው ኪሳራ ወደ 25 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ምሕዋሩ ከፍ ሲል ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የከፍታው ትርፍ ያድጋል። ከምድር ገጽ በላይ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም የምድርን ግማሽ ሬዲየስ ያህል ስንርቅ፣ ሁለቱ ተጣፍተው በክብ ምሕዋር የሚዞር ሰዓት ከምድር ሰዓት ጋር እኩል ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያለ ሳተላይት ሰዓቱ ይቀድማል። “ፈጣን መንኮራኩር ውስጥ ያለ ሰው በዝግታ ያረጃል” የሚለው የተለመደ አነጋገር ከዚህ ከፍታ በላይ ለሚዞሩ የመገናኛና የአቅጣጫ መሪ ሳተላይቶች በቀጥታ የተገለበጠ ነው።

ለዚህ ቮዬጀር 1ን ያህል የሚያስደንቅ ምስክር የለም። በ1977 የተመጠቀችው ይህች መንኮራኩር ከፀሐይ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር እየራቀች ትገኛለች፤ ከእሷ በላይ ከምድር የራቀ የሰው ሥራ የለም። ፍጥነቷ ብቻ ቢታይ ሰዓቷ በዓመት 0.05 ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበረበት። ግን እኛስ የት ነን? ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ፀሐይን ትዞራለች፤ ከቮዬጀር ትፈጥናለች ማለት ነው። ከዚያም በላይ በፀሐይ ስበት ውስጥ ጠልቀን የተቀመጥን ነን። ሁለቱ ተደምረው የእኛን ሰዓት ከፀሐይ በጣም ርቆ ከቆመ ሰዓት በዓመት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያዘገዩታል። ሲጣራ የቮዬጀር ሰዓት ከእኛ በየዓመቱ ከ0.4 ሰከንድ በላይ ይቀድማል፤ የምንዘገየው እኛ ነን። ተቃራኒውን ጫፍ የያዘችው ፓርከር የፀሐይ መንኮራኩር ናት። በታኅሣሥ 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ በሰዓት 692 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 192 ኪሎ ሜትር ያህል በርራለች፤ ከዚያ በፊት ሰው የሠራው ነገር እንዲህ አልፈጠነም። በዚያ ፍጥነት አንድ ሙሉ ቀን ብትቆይ ኖሮ ከፍጥነቱ ብቻ 18 ሚሊ ሰከንድ ያህል ታጣለች። ፍጥነቷን ያገኘችው ወደ ፀሐይ በመውደቅ ስለሆነ የስበቱ ድርሻም ከፍጥነቱ ድርሻ ጋር እኩል ለመሆን ምንም አይቀረው፤ እዚህ ሁለቱ ጉተታዎች በአንድ አቅጣጫ ይስባሉ። የሰው ልጅ ፈጣኑ መንኮራኩር እንኳ ከብርሃን ፍጥነት 0.064 በመቶ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚዘገየው መጠን ለዛሬ ሰዓት ግዙፍ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ነው፤ ማስረጃውስ? በጥቅምት 1971 አሜሪካውያኑ ጆሴፍ ሃፈልና ሪቻርድ ኪቲንግ አራት የሲዚየም አቶሚክ ሰዓቶችን በመደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ፤ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ። ወደ ምሥራቅ የሄዱት 59 ናኖ ሰከንድ ዘግይተው፣ ወደ ምዕራብ የሄዱት 273 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ተመለሱ። ስሌቱ የጠበቀው 40 መዘግየትና 275 መቅደም ሲሆን፣ ልዩነቱ በተገመተው የስህተት ክልል ውስጥ ነበር። ውጤቱን ሁሉም ወዲያው አልተቀበለውም። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ሉዊስ ኤሰን ነበር፤ በ1955 ለሥራ የበቃውን የመጀመሪያውን የሲዚየም ሰዓት ከሠሩት እንግሊዛውያን ዋነኛው። ኤሰን የአንፃራዊነትን ንድፈ ሐሳብ አልተቀበለም፤ በአውሮፕላን የተጫኑት ሰዓቶችም በራሳቸው ጊዜ የሚዋዥቁ ስለሆኑ ያን ያህል ጥቃቅን ልዩነት አያሳዩም ብሎ ተከራከረ። ስለ ሰዓት እንደ እሱ የሚያውቅ ጥቂት ስለነበረ ተቃውሞው በችኮላ የሚታለፍ አልነበረም፤ የሰዓቶቹ መዋዠቅም እውነት ነው። መልስ የሰጠው ክርክር ሳይሆን የተሻለ ሰዓት ነው። በሰኔ 1976 ግራቪቲ ፕሮብ ኤ የተባለው ሙከራ የሃይድሮጅን ሜዘር ሰዓትን በሮኬት ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ወርውሮ፣ እስኪወድቅ ድረስ ለሁለት ሰዓት ያህል ምቱን በሬዲዮ ሲያዳምጥ ቆየ። ምቱ ከስሌቱ ጋር የገጠመው ከአሥር ሺህ ሁለት እጅ በማይሞላ ስህተት ነው። በ2014 ሁለት የአውሮፓ ጋሊሊዮ ሳተላይቶች በማስወንጨፍ ስህተት የተለጠጠ ምሕዋር ውስጥ ገብተው ሲቀሩ ደግሞ፣ በየዙሩ መውጣት መውረዳቸው ለዚሁ መለኪያ ምቹ ሆኖ ተገኘ፤ በ2018 የታተመው ውጤት የ1976ቱን ትክክለኛነት አምስት እጥፍ ገደማ አሻሽሏል።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ፣ “የዘገየው መሣሪያው ቢሆንስ? ጊዜው ራሱ መዘግየቱን በምን አወቃችሁ?” ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዓትን ሙቀትና ማግኔት፣ ንዝረትም ያሳስቱታል፤ ፍጥነትም እንደነዚህ ያለ ውጫዊ ተጽዕኖ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ሙቀት አንዱን ሰዓት ሲያዘገይ ሌላውን ያፈጥናል፤ በእያንዳንዱ አሠራር ላይ በተለያየ መጠን ይሠራል። ፍጥነት እንዲህ አያደርግም። ሲዚየም፣ ሩቢዲየም፣ ሃይድሮጅን ሳይል ሁሉንም በእኩል ያዘገያል። ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ማንም ያልገጣጠመው ሰዓት ነው፤ ሙዎን የተባለው ቅንጣት። ሙዎን ቆሞ ሲለካ በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ኖሮ ይበታተናል። የሰርን ተመራማሪዎች በ1977 ባሳተሙት ውጤት፣ በቀለበት ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት 99.94 በመቶ ላይ ሲዞር 64 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ኖሯል፤ 29 እጥፍ፣ ልክ ስሌቱ እንዳለው። ውስጡ ጥርስም ሆነ ጠመዝማዛ ሽቦ የሌለው ነገር ዕድሜው ሲረዝም፣ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጣል አይቻልም።

ሌላው ተቃውሞ የቆየና የበለጠ ጥልቀት ያለው ነው። እንቅስቃሴ አንፃራዊ ከሆነ፣ መንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ሰው “እኔ ቆሜያለሁ፣ የምትሄደው ምድር ናት” ማለት ይችላል፤ ታዲያ ወጣት ሆኖ የሚቀረው ለምን እሱ ብቻ ይሆናል? የመንታዎቹ እንቆቅልሽ የሚባለው ይህ ነው። መልሱ ሁለቱ መንገዶች እኩል አለመሆናቸው ላይ ነው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ሳያቋርጡ እየተራራቁ ቢቀጥሉ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ሰዓት ዘግይቶ ያያል፤ ማን ትክክል ነው ብሎ መጠየቅም ትርጉም የለውም፤ ሰዓቶቻቸውን ጎን ለጎን አያስቀምጡምና። ለማነፃፀር አንዱ መመለስ አለበት። የሚመለሰው ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ወንበሩ ጀርባውን ሲገፋው ይሰማዋል። ምድር ላይ የቀረው ምንም አልተሰማውም። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሁለት መንገደኞች አንዱ በአቋራጭ፣ አንዱ በጠመዝማዛው ቢሄዱ የተጓዙት ኪሎ ሜትር ይለያያል፤ በጠፈርና በጊዜም እንዲሁ፣ መነሻና መድረሻቸው አንድ የሆኑ ሁለት መንገዶች የተለያየ ጊዜ ይለካሉ። ልዩነቱ፣ እዚህ የተጠመዘዘው መንገድ አጭሩን ጊዜ መስጠቱ ነው። የሃፈልና የኪቲንግ የምሥራቅና የምዕራብ ልዩነት ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው፦ ሁለቱም አውሮፕላኖች ከምድር ገጽ አንፃር ተመሳሳይ ፍጥነት ነበራቸው፤ ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ግን ወደ ምሥራቅ የበረረው ፍጥነቱ በሽክርክሪቱ ላይ ይደመራል፣ ወደ ምዕራብ የበረረው ይቀነሳል። አንፃራዊነት እንደ ስሙ ሁሉን “እንደ ተመልካቹ” ያደርጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ውጤት ማብራሪያ ያጣለታል።

አሁን ዕለት ተዕለት ወደምንጠቀምበት እንምጣ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሰከንድ 3.9 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ። ፍጥነታቸው በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ያዘገያቸዋል፣ ከፍታቸው 45 ያህል ያስቀድማቸዋል፤ የተጣራው ወደ 38 ማይክሮ ሰከንድ መቅደም ነው። ኤንቲኤስ 2 የተባለችው የሙከራ ሳተላይት በሰኔ 1977 የሲዚየም ሰዓት ይዛ ስትመጥቅ፣ እርማቱ በእውነት ያስፈልግ እንደሆነ የተጠራጠሩ ነበሩ። ስለዚህ እርማቱን የሚያደርገው መሣሪያ ተጭኖ ሳይከፈት ተላከ። ሃያ ቀን ያህል ሰዓቱ በተፈጥሮው ሄደ፤ ሲለካ ከትሪሊዮን 442.5 እጅ ይቀድማል፤ ስሌቱ የጠበቀው 446.5 ነበር። መሣሪያው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የጂፒኤስ ሰዓቶች ገና ፋብሪካ እያሉ ሆን ተብሎ እንዲዘገዩ ይደረጋል፤ በ10.23 ሜጋኸርዝ ፈንታ በ10.22999999543 ሜጋኸርዝ ይስተካከላሉ፣ ምሕዋር ላይ ሲወጡ ልኩን እንዲመቱ። በዚህ ቁጥር መጨረሻ ያሉት አሃዞች የአንስታይን ሥራ ናቸው። እዚህ ግን በብዙ ጽሑፎች የሚደጋገም አንድ አባባል መታረም አለበት። ብርሃን በ38 ማይክሮ ሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ እርማቱ ባይኖር ካርታው በየቀኑ 11 ኪሎ ሜትር ይስት ነበር ይባላል። ተቃዋሚዎች ይህን ይዘው “የተጋነነ ነው፣ ስልኩ የሚያነፃፅረው የሳተላይቶቹን ሰዓት እርስ በርስ ስለሆነ ሁሉም በእኩል ቢቀድሙ ቦታው አይዛባም” ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ በአብዛኛው ትክክል ናቸው። የስልኩ ስሌት የራሱን ሰዓት ስህተት ከቦታው ጋር አብሮ ስለሚፈታ የጋራው መቅደም እዚያ ይዋጣል። ሆኖም ምሕዋሮቹ ፍጹም ክብ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሳተላይት በየዙሩ ወደ ምድር ሲቀርብና ሲርቅ ሰዓቱ ለብቻው ይዋዥቃል። የምሕዋሩ መለጠጥ ሁለት በመቶ ቢሆን ይህ እስከ 46 ናኖ ሰከንድ ይደርሳል፤ በርቀት 14 ሜትር ነው፣ ለእያንዳንዱም የተለየ ስለሆነ አይጣፋም። የስልኩ መቀበያ ይህን እርማት ራሱ ያሰላል። በተጨማሪም የስልክ ኔትወርኮችና የኤሌክትሪክ መስመሮች ከጂፒኤስ የሚወስዱት ቦታ ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ለእነሱ በየቀኑ የሚጠራቀም 38 ማይክሮ ሰከንድ የሚዋጥበት ቦታ የለም። እውነቱ ከአባባሉ ቢያንስም፣ ያለ አንፃራዊነት ሥርዓቱ የታሰበለትን አይሰጥም።

ወደ ከዋክብት የሚደረገውን ጉዞ ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ስሌቱ በእውነት ልብ ይሰቅላል፦ ምድር ላይ ክብደታችን የሚሰማንን ያህል ሳያቋርጥ የሚያፈጥንና ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ እንዲሁ ፍጥነቱን የሚቀንስ መንኮራኩር፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ወደሚርቀው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ መንገደኛውን በ3.5 ዓመት ያደርሰዋል፤ ምድር ላይ 5.9 ዓመት ያልፋል። ወደ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ቢቀጥል ለእሱ 28 ዓመት ገደማ፣ ለእኛ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት። ለዚህ የሚከፈለው ግን ጉልበት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃን ከብርሃን አንድ አሥረኛ ፍጥነት ላይ ለማድረስ፣ 5 ሺህ ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ምንም ሳይባክን ከአንድ ቀን በላይ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የሚሰጠው ጉልበት ይጠይቃል፤ ለዚህም የሚገኘው የጊዜ ትርፍ ግማሽ በመቶ ነው። ትርፉ በሚታይበት በ90 በመቶ ፍጥነት ያው ግድብ ለአንድ ኪሎ ብቻ ዘጠኝ ወር ገደማ ይሠራል። ባለሀብቱ ዩሪ ሚልነርና የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በ2016 ይፋ ያደረጉት ስታርሾት የተባለው ፕሮጀክት ይህን ተገንዝቦ ሰውን ትቶ ጥቂት ግራም የሚመዝን ቺፕ በሌዘር ገፍቶ በብርሃን አንድ አምስተኛ ፍጥነት ለመላክ አቀደ። በዚያ ፍጥነት ወደ ፕሮክሲማ የሚፈጀው የ21 ዓመት ጉዞ ለቺፑ የሚያጥረው አምስት ወር ያህል ብቻ ነው። መሐንዲሱን የሚያስጨንቁት ሌሎች ናቸው፦ በከዋክብት መካከል የተበተነው ሃይድሮጅን እያንዳንዱ ፕሮቶኑ በ19 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ቺፑ ወደ ምድር የሚልከው ብርሃንም የሞገድ ርዝመቱ በ22 በመቶ ተለጥጦ ስለሚደርስ፣ የሚጠብቀው ቴሌስኮፕ ቺፑ ከላከው ቀለም የተለየ ቀለም መጠበቅ አለበት። ይህም ከአንፃራዊነት ቀመር የሚወጣ ነው፤ ከወጣትነቱ ይልቅ ጉዞውን የሚወስነው እሱ ነው።

በ2010 በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ሁለት የአሉሚኒየም አዮን ሰዓቶች ተቀምጠው አንዱ ከሌላው 33 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የአንድ ክንድ ርዝመት እንኳ አይሞላም። ከፍ ያለው ፈጠነ፣ ልዩነቱም ተለካ። ያው ቡድን አዮኑን በሰከንድ ከ10 ሜትር በታች፣ ሯጭ በሚደርስበት ፍጥነት ሲያንቀሳቅሰው ሰዓቱ መዘግየቱን አየ። እንዲህ ያለ ሰዓት ላለው ዘመን በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚበርር መንኮራኩር “ዝግተኛ” አይባልም። በሚያዝያ 2024 ዋይት ሐውስ ናሳን እስከ 2026 መጨረሻ ለጨረቃ የራሷ የሆነ የሰዓት ሥርዓት እንዲያዘጋጅ ያዘዘውም ለዚህ ነው። ጨረቃ ላይ ያለ ሰዓት ስበቱ ስለሚቀልለት ከምድሩ በቀን 56 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ብርሃን በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንዲት መንኮራኩር በጨረቃ ምሕዋር ላይ ሆና፣ ሌላዋ ገጿ ላይ አርፋ፣ ሦስተኛዋ ከምድር እየመጣች አንዷ የሌላዋን ቦታ በሬዲዮ ምት ስትለካ፣ ሦስቱም ሰዓቶች በተለያየ ፍጥነት ይሄዳሉ። ማናቸውም አልተበላሹም። በቅድሚያ መስማማት ያለብን የማን ሰከንድ መነሻ እንደሚሆንና የሌሎቹ ወደ እሱ በምን ቀመር እንደሚመለስ ነው።